ከሩቅ ከሚመጣው ቤተሰብ እንጀምር

(ኅዳር 14 ቀን 2018፣ አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የወንጌላውያን አጥቢያ አዳራሽ፣ የአድቬንት (ከገና በፊት ያሉት አራት የጥበቃ ሳምንታት) መክፈቻ የቤተሰብ ጉባኤን ለሚያዘጋጁ አገልጋዮች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከአምልኮ በኋላ ወደ ቤት ሳትሄዱ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚህ ስለቆያችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቀኑ ተቆርጧል። እሑድ ታኅሣሥ 5 የአድቬንትን ጊዜ ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን እንከፍታለን። ሽማግሌዎች ተስማምተዋል፣ አዳራሹም ተይዟል። የቀረው እንዴት እናድርገው የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሐሳብ ሞልቷል። መድረኩ እንዴት ይጌጥ፣ የትኛው ኳየር ይዘምር፣ ቲሸርት ይታተም ወይስ አይታተም፣ ማን ይስበክ። ሁሉም ይደርሳል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ቤተሰብ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ወደዚህ ለመድረስ ከሁላችንም በላይ የሚቸገረውን ቤተሰብ።

ታውቁታላችሁ። በፊት ከዚህ በእግር በሚደረስበት ሰፈር ነበር የሚኖረው። ፒያሳ ሊሆን ይችላል፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ። ከ2016 ጀምሮ ሰፈሮቹ ሲፈርሱና መልካቸው ሲለወጥ እሱም ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ዛሬ ቦሌ አራብሳ ነው ያለው፣ ወይ ገላን ጉራ፣ ወይ ኮዬ ፈጬ። አያት አብረው ይኖራሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ አይችሉም። ትንሿ ልጅ ገና መታዘል አልተወችም። እሑድ ጠዋት ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ፣ አምልኮው እንዳለቀ ደግሞ ሰልፉ ሳይረዝም ብለው ይሮጣሉ። ከማንም ጋር ሁለት ደቂቃ ቆመው አያወሩም። ድሮ በየቀኑ በር ላይ ሰላም ሲሏቸው የኖሩትን ጎረቤቶቻቸውን አሁን ከጀርባቸው ብቻ ነው የሚያዩአቸው፤ መቀመጫ ላይ።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ጉባኤው ለዚህ ቤተሰብ ከተመቸ ለሁላችንም ይመቻል። ሰዓቱን፣ ምግቡን፣ የወንበሩን አቀማመጥ፣ የስብከቱን ርዝመት ሁሉ ከነሱ ተነስተን እንወስን። አንድ ጥያቄ ደግሞ አብሮ ይሂድ። ይሄ ቤተሰብ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ይዞ ይገባል? ጥሩ ዝግጅት አየን ብሎ ብቻ ከገባ ልፋታችን እዚያው አዳራሽ ቀረ ማለት ነው። አድቬንት አንድ ቀን አይደለማ። አራት ሳምንት ነው፣ የሚኖረውም ቤት ውስጥ ነው።

ስለ ቀኑ አንዳንዶቻችሁ ጠይቃችኋል፤ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን እኮ የሚጀምሩት ከእኛ በፊት ነው፣ ለምን አብረን አንጀምርም ብላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ልደትን ዲሴምበር 25 ስለሚያከብሩ ከዚያ ወደ ኋላ አራት እሑድ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው እሑድ ሁልጊዜ ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ውስጥ ይውላል። ዘንድሮ ኖቬምበር 30 ነው፣ በእኛ ኅዳር 21። እኛ ገናን የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ነው፣ ዘንድሮ ረቡዕ ይውላል። ከረቡዕ ወደ ኋላ አራት እሑድ ስንቆጥር 26፣ 19፣ 12፣ 5። ገና 29 በሚውልበት ዓመት ሁሉ ስሌቱ የታኅሣሥን የመጀመሪያ እሑድ ነው የሚሰጠን፤ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ገና ወደ 28 ስለሚመጣ አልፎ አልፎ ኅዳር 30 ላይ ሊያርፍ ይችላል። ኅዳር 21 ከውጭዎቹ ጋር ብንጀምር እነሱ ታኅሣሥ 16 ገናን ሲያከብሩ በየእሑዱ የምንለኩሰው ሻማ አልቆ ለበዓላችን 13 ቀን ይቀረናል። ልጆች ይሄን አይረዱትም። የሚጠበቀው ነገር ከጥበቃው ጋር መያያዝ አለበት።

ሌላ ነገርም አለ፣ እኔን በጣም ደስ የሚለኝ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ከገና በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ታከብራለች። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው እሑድ ነው፣ ብርሃን ከ14 እስከ 20፣ ኖላዊ ከ21 እስከ 27። ዘንድሮ ስንቆጥረው 12፣ 19 እና 26 ይሆናል። የእኛ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ እሑድ ማለት ነው! በስብከት ነቢያት ስለ ክርስቶስ መምጣት የተናገሩት ይታሰባል። በብርሃን ዳዊት ብርሃንህንና እውነትህን ላክ ብሎ የለመነው ይዘመራል። በኖላዊ ደግሞ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ የሚለው መዝሙርና የዮሐንስ ወንጌል 10 መልካሙ እረኛ ይነበባል። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ ይሄ አድቬንት የሚባለው የፈረንጅ ነገር አይደለም ወይ ቢላችሁ፣ ሳትቆጡ አስረዱት። የአድቬንት አራቱ ሻማ የሚቆምበት ክብ ከጀርመን የመጣ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ከገና በፊት ሳምንታትን ለይቶ ጌታን መጠበቅ ግን እዚሁ ጎረቤታችን ባሉ አጥቢያዎች ስንት ዘመን ሲኖር የቆየ ነው፤ አያቶቻችን ያውቁታል።

የሻማው ክብ ታሪክም ቢነገር ጥሩ ነው፤ ልጆች ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ1839 ሐምቡርግ ውስጥ ዮሐን ሂንሪኽ ቪሸርን የሚባል የሉተራን አገልጋይ ነበር። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1833፣ ለድሆችና አሳዳጊ ላጡ ልጆች ቤት ከፍቷል። ልጆቹ ገና መቼ ነው፣ ስንት ቀን ቀረው እያሉ ይጠይቁታል። ምን አደረገ? የእንጨት ጎማ ወስዶ ሻማ ደረደረበት፤ ለአራቱ እሑዶች ትልልቅ ነጭ ሻማ፣ በመካከል ላሉት ቀናት ትንንሽ ቀይ ሻማ። በየቀኑ አንድ እየተጨመረ ይለኮሳል። ልጆቹ ራሳቸው ይቆጥራሉ። ኋላ ወደ ሌሎች ቤቶች ሲዛመት አራቱ የእሑድ ሻማዎች ብቻ ቀሩ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ይሄ ነገር የተጀመረው በሀብታም ቤት ለጌጥ አይደለም። ቤት ላጡ ልጆች ነው የተሠራው። እኛ መድረክ ላይ ለፎቶ የሚሆን ትልቅ ነገር ለመሥራት ስናስብ ይሄን እናስታውስ።

ከዚያም ወደ ኋላ ከሄድን፣ በአምስተኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ፈረንሳይ የቱር ከተማ ጳጳስ የነበረው ፔርፔቱዩስ ከቅዱስ ማርቲን ቀን፣ ከኖቬምበር 11፣ እስከ ልደት ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጾም ደንግጎ ነበር። ምዕራቡም ከገና በፊት ይጾም ነበር ማለት ነው። አድቬንት ሲጀመር የድግስ ወቅት አልነበረም። ይሄን የማነሳው ጾም እንደንግግ ብዬ አይደለም። የታኅሣሥ 5ቱን ቀን ቀድሞ የመጣ ገና እንዳናደርገው ነው። የገና ዛፍ፣ ስጦታ፣ የልደት ድራማ፣ ኬክ፣ የገና መዝሙሮች ሁሉ በዚያ ቀን ከወጡ ለታኅሣሥ 29 ምን ይቀራል? ወንዶቹ ልጆች ግቢ ውስጥ የገና ጨዋታ እንጫወት ብለው ዱላና ሩር ፈልገዋል። በጣም ጥሩ ነው፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎም የለ። ግን ለገና ይቆይላቸው። ልጅ የሚናፍቀው ነገር ሲኖረው ደስ ይላል።

ጾምን ካነሳን ወደ ምግቡ እንሂድ፤ ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። ነገ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። እስከ ታኅሣሥ 28 ይቆያል። በታኅሣሥ 5 እንግዲህ ከተማው ግማሹ ጾም ላይ ነው። እኛ መካከል ደግሞ እናቱ ኦርቶዶክስ የሆነች፣ አማቹ ኦርቶዶክስ የሆነ፣ የባለቤቱ እህት ኦርቶዶክስ የሆነች ሰው ስንት አለ? እጅ አውጡ አልላችሁም። ቤተሰብ ጥሩ ብለን ጋብዘን ዶሮና ቁርጥ ብናቀርብ አያቶች አንድ ጥግ ይዘው ሻይ ብቻ ጠጥተው ይመለሳሉ። ስለዚህ ምግቡ በሙሉ የጾም ይሁን። ከዚህ የጾም፣ ከዚያ የፍስክ ብለን አንክፈለው። በሙሉ። አንድ ገበታ ላይ አንድ ዓይነት ምግብ። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ስልጆ፣ ሱፍ ፍትፍት፤ ይሄ እኮ ድግስ ነው፣ ሳይሳሳ። ለልጆች ፓስታ በአትክልትና የምስር ሳምቡሳ ጨምሩ። ድፎ ዳቦው በዘይት ይጋገር፣ ወተትም ቅቤም እንዳይነካው ለጋጋሪዋ አስቀድማችሁ ንገሯት። ወጡ የሚሠራበት ድስትም ንጹሕ ይሁን፤ ለሚጾም ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እሑድ ስለሆነ በሰዓቱ አያስቸግርም፣ ቅዳሜና እሑድ እስከ ከሰዓት መቆየት የለም፣ ከፍስክ መከልከል ብቻ ነው።

እንጀራን ለአንድ ሰው ሁለት ብላችሁ አስሉ፤ ይተርፋል፣ ትርፉን ለሚወስድ ይሰጣል። አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ግዢው ሃይሌ ጋርመንት ድረስ ያስኬዳል፤ አንድ መኪና ያለው ወንድም አርብ ቢመድብልን ያልቃል፣ ካልሆነ ሾላም መርካቶም አለ። ሽንኩርት መላጥ ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ግቢ ይሁን፤ ወንዶችም ኑ። በየዓመቱ ምግብ የሚሠሩት ያው እናቶች ናቸው፣ ዝግጅቱ ሲጀመርም ማድ ቤት ናቸው፣ ሻማው ሲለኮስም ማድ ቤት ናቸው። ዘንድሮ እነዚህ እናቶች ሻማው ሲለኮስ አዳራሽ ተቀምጠው ማየት አለባቸው። ወጡ ሁሉ ጠዋት አልቆ ይጠብቅ፣ የማቅረቡን ሥራ ወጣቶች ይያዙት።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልበል። ትኬት አይኖርም። መዋጮ የሚችል በፖስታ ያድርግ፣ ስም አይጻፍበት፣ ዝርዝርም አይነበብ። ኑሮው ከብዷል፤ አምስት ልጅ ያለው አባት በር ላይ ኪሱን እንዲደባብስ አንፈልግም።

ሰዓቱ። ማታ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል፣ ሻማ በጨለማ ያምራል ተብሎ። ያምራል። ግን ታኅሣሥ ላይ 12 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፣ ብርዱም ይታወቃል፣ ማታ ከአራት ኪሎ ወደ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ታክሲ ማግኘት ሕፃን ለታቀፈ ሰው ፈተና ነው። ስለዚህ አምልኮው እንዳበቃ፣ ከ7 ሰዓት ጀምረን 9 ሰዓት ተኩል ላይ እንጨርስ። 10 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ታክሲ ተራ ይደርሳል። ሰው ሁለቴ እንዲመጣ አናድርግ፤ ጠዋት መጥቶ ተመልሶ ከሰዓት ና ማለት ቅርብ ላለነው ነው የሚቀለው። መጋረጃውን ብትዘጉ አዳራሹ በቂ ጨለማ ይሆናል። መኪና ያላችሁ ደግሞ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደምትሄዱና ስንት ባዶ ወንበር እንዳላችሁ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። አያቶች ወረፋ አይቁሙ።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። ወንበሩ በረድፍ መድረክ እያየ እንዳይደረደር። ጠረጴዛ ይውጣ፣ ከበብ ከበብ ተደርጎ። በያንዳንዱ ጠረጴዛ ስምንት ወይ አሥር ሰው፣ ተቀላቅሎ። የሴቶች ክፍል እዚህ፣ ወጣቶች እዚያ፣ ሰንበት ትምህርት ልጆች ደግሞ ታች ክፍል የሚለው ለአንድ ቀን ይቅር። በቤተ ክርስቲያን ቤተሰብ የሚባለው ሲመጣ መጀመሪያ የምናደርገው ቤተሰቡን በዕድሜ መበተን ነው፤ እናት አንድ ክፍል፣ ልጅ ሌላ ክፍል፣ አባት ሌላ። የዚያን ቀን ልጅ ቢያለቅስም አብሮን ያልቅስ።

ጠረጴዛ የምትመድቡ ሰዎች፣ ቤተሰብ ሲባል አባት፣ እናትና ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስድስት ኪሎና አምስት ኪሎ ካምፓስ የሚማሩ፣ ቤተሰባቸው ክፍለ አገር ያለ ልጆች አሉን። ባሏን ዘንድሮ የቀበረች እህት አለችን። ልጆቹ ሁሉ ውጭ ሄደው ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌዎች አሉ፣ ያላገቡ አሉ፣ ከነሱም አንዳንዶቹ የቤተሰብ ጉባኤ ሲባል ይሄ እኔን አይመለከትም ብለው የሚቀሩ ናቸው። በጥሪው ላይ የቤተ ክርስቲያን ቤተሰብ ሁሉ ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያም በላይ ደግሞ በስማቸው ደውሉላቸው። ብቻውን የሚመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ የት ልቀመጥ ብሎ እንዳይጨነቅ፣ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ገና ከመምጣቱ የሚያውቅ ሰው ይቀበለው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከባድ ቢሆንም እናገረዋለሁ። ከቤተሰብ ጋር የሚመጡ የቤት ሠራተኞች። ልጅ ይዘው ይመጣሉ፣ ልጁን ሲያባብሉ ይውላሉ፣ ሌላው ሲበላ ቆመው ይጠብቃሉ። አብዛኞቹ ገና ሕፃናት ናቸው ማለት ይቻላል፣ ከእናታቸው ጓዳ የወጡት በቅርቡ ነው። ታኅሣሥ 5 ከሁላችን ጋር ይቀመጡ። ሳህን ይቀረብላቸው። በዚያን ቀን ልጁን እናትየው ወይም አባትየው ይያዙት። የግቢያችን ጥበቃዎችና የጽዳት እናቶችም እንደዚሁ። የጌታን መምጣት እንጠብቃለን እያልን አብረውን ያሉትን ማዶ ማቆም አንችልም።

ፕሮግራሙ ረጅም አይሆንም። ስትሰበሰቡ መጀመሪያ ሁሉም በልቡ የሚያውቀው አንድ የቆየ መዝሙር ይዘመር፣ ያለ ኪቦርድ ቢሆን እመርጣለሁ። ኳየሮቻችንን እወዳለሁ፣ ግን በዚያ ቀን የሚዘምረው ጉባኤው ነው፤ ለኳየር ሦስት መዝሙር ስንሰጥ ጉባኤው ተመልካች ይሆናል፣ ያ ደግሞ ሳውንድ ሲስተም ይጠራል፣ ሳውንዱ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ማውራት ይከለክላል። ከዚያ መጋረጃው ይዘጋ። ኢሳይያስ 9 ይነበብ፣ በጨለማ የሄደ ሕዝብ ብርሃን አየ ከሚለው ጀምሮ። አንባቢው ከወጣቶቹ አንዱ ይሁን፣ ቀደም ብሎ ይለማመድበት። የመጀመሪያውን ሻማ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡ እናት ወይም አባት እና ከሁሉም የምታንስ መቆም የምትችል ልጅ አብረው ይለኩሱት። ሌሎቹ ሦስት ሻማዎች ሳይለኮሱ ይቀመጡ፤ ልጆች ለምን አይለኮሱም ብለው ይጠይቃሉ፣ መጠየቃቸው ነው የሚፈለገው። ከዚያ ሰባኪው አሥር ደቂቃ ይናገር። አሥር። ስብከቱን ጠዋት ሰምተናል፣ ሰባኪዎቻችንም ይሄን እንደማይቀየሙ አውቃለሁ።

ከዚያ ማዕድ ነው፣ ብዙውን ሰዓት የሚወስደውም እሱ ይሁን። በየጠረጴዛው አንድ ጥያቄ ተጽፎ ይቀመጥ፦ ልጅ ሳሉ ገናን እንዴት ነበር የሚጠብቁት? አያቶች ይጀምሩ። ጎጃም ያደገው፣ ወለጋ ያደገው፣ እዚሁ ፒያሳ ያደገው የየራሱን ይናገር። ማይክ አይሰጣቸው፤ መድረክ ሲወጡ አጭር ምስክርነት ይሆናል፣ እዚያው ሽሮ እየበሉ ሲሆን ግን ልጅ ልጆቻቸው ሰምተውት የማያውቁትን ይሰማሉ። በዚህ ዓመት ሰው የሞተባቸውን አትርሱ። ከቡናው በፊት ዝም ብለን ስማቸውን በልባችን የምናስብበት፣ አንድ ሰው የሚጸልይበት አጭር ጊዜ ይኑር። ሐዘንተኛ ደስ ይበላችሁ ብቻ የሚባልበት ቦታ አይመጣም፤ ቢመጣም ቶሎ ይወጣል።

ቡናው ይፈላ፣ ቆሎው ይዙር፣ ቄጠማም ይጎዝጎዝ። መብራት ቢጠፋ ከሰል ስላለ ቡናው አይቀርም። ስለ ሻማው ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ክቡ ላይ የሚታሰረው የጥድ ቅጠል በዕለቱ የተቆረጠ ይሁን፣ ከሳምንት በፊት ገዝታችሁ አታድርቁት፤ ደረቅ ጥድ እንደ ክብሪት ነው የሚይዘው። ሻማው ቅጠሉን በማይነካ ማቆሚያ ላይ ይቁም፣ አሸዋ የሞላ ባልዲ ከአጠገቡ ይቀመጥ። የእናቶች ነጠላና የልጆች ፀጉር ሻማ ሲለኮስ ያሳስበኛል፤ አንድ ሰው ሥራው ይሄን መጠበቅ ብቻ ይሁን። ፎቶም አንድ ሰው ያንሳ፣ ሌሎቻችን ስልካችንን ኪስ እንክተት፣ የልጆች ፎቶ ወላጅ ሳይፈቅድ ቴሌግራም ላይ አይውጣ።

አሁን ወደ ዋናው ደረስኩ፤ ወደ ቤት የሚሄደው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሲወጣ አራት ሻማና አንድ ካርድ ይዞ ይውጣ። ብቻውን የሚኖረውም እንደዚሁ፣ ካምፓስ ላሉት ልጆች ግን ዶርም ውስጥ ሻማ ስለማይፈቀድ ካርዱ ይበቃቸዋል። ካርዱ ላይ ቀንና ምዕራፍ ብቻ ይጻፍ። የሉቃስ ወንጌል 24 ምዕራፍ ነው። ከታኅሣሥ 5 እስከ 28 ቁጠሩት፤ ልክ 24 ቀን። በየማታው አንድ ምዕራፍ፣ ገና ዋዜማ ላይ ያልቃል። ኮዬ ፈጬ ያለው ቤተሰብና ፒያሳ የቀረው ቤተሰብ ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ ላይ ናቸው ማለት ነው። ሳይገናኙ አብረው ያነባሉ።

ይሄ ሲደረግ ሁለት ነገር ያጋጥማል፣ አስቀድማችሁ ለወላጆች ንገሩ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 80 ቁጥር ነው፣ በጣም ረጅም። ደክሟቸው ከአዳራሽ የመጡ ልጆች አይችሉትም። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት የዘካርያስንና የኤልሳቤጥን ታሪክ እስከ ቁጥር 25 አንብቦ ይተኛ፣ የቀረውን ትልልቆቹ ይጨርሱት። ሁለተኛ፣ የልደቱ ታሪክ ምዕራፍ 2 ስለሆነ በሁለተኛው ማታ ነው የሚመጣው፣ ሰኞ። ከዚያ በኋላ ጌታ ያድጋል፣ ያስተምራል፣ ይሰቀላል፣ በ28 ማታ የሚነበበው ምዕራፍ 24 ትንሣኤው ነው። ልጆች ግራ ይጋባሉ፣ ገና ሊሆን ነው እኮ ለምን ትንሣኤ ይነበባል ይላሉ። ተዉአቸው ይጠይቁ፣ ንገሯቸው፤ የምንጠብቀው የተወለደውን ብቻ አይደለም፣ ተነሥቶ የሚመጣውንም ነው። ከዚያ ወደ ምዕራፍ 2 ተመልሳችሁ የመጀመሪያዎቹን 20 ቁጥሮች አንብቡና ተኙ። ቀን ያመለጠው ቤተሰብ ደግሞ ያመለጠውን ልድረስ ብሎ አይጨነቅ፣ የዕለቱን ይክፈትና ይቀጥል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ልጅ ያንብብላቸው፤ ልጅ ለሌለው በስልክ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ የሚጭንለት ወጣት እንመድብ። ውጭ አገር ያሉት ልጆቻችሁም በቪዲዮ ገብተው አብረው ቢያነቡ ይቻላል፣ ሰዓቱን ተስማሙበት።

ካርዱ ጀርባ ላይ አራቱ እሑዶች ይጻፉ፣ ታኅሣሥ 5፣ 12፣ 19፣ 26፣ በየእሑዱ አንድ ሻማ እየተጨመረ ቤት ይለኮሳል። 19 ገብርኤል ስለሆነ ብዙ ዘመድ ቁልቢ ይሄዳል፣ ከተማም መንገድ ይዘጋጋል፤ በዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ተጨማሪ ዝግጅት አንጥራ። 26 ላይ ደግሞ ይሄን አስበናል፦ ከታኅሣሥ 5 ጀምሮ በአዳራሹ በር አንድ ትልቅ ቅርጫት ይቀመጣል። ቤተሰብ ሁሉ የሚችለውን ያስገባል፤ ዘይት፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ምስር። ልጆች በእጃቸው ያስገቡት። 26 ላይ ተከፋፍሎ ለገና ምንም ለሌላቸው ቤቶች ይደርሳል፤ ሲደርስ ካሜራ አይከተለውም።

እንግዲህ ሥራውን እንከፋፈል። ምግብ፣ መጓጓዣ፣ ጠረጴዛ፣ ካርድ፣ ሻማ ብለን አምስት ቡድን አድርገናል፣ ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት አስመዝግቡ። የቤተሰቦቹ ስም ዝርዝር ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰፈር ለውጠው የሄዱትን ለየብቻ አድርገናቸዋል፤ ከነሱ መካከል ስልካቸው የተቀየረ ብዙ አሉ፣ የድሮ ጎረቤት የነበራችሁ አግዙን። እያንዳንዳችሁ አምስት ስም ወስዳችሁ በዚህ ሳምንት ደውሉ። ቴክስት አይበቃም፣ ደውሉ። ስንት ሆነው እንደሚመጡ፣ በምን እንደሚመጡ፣ ደረጃ የሚያቅታቸው ሰው እንዳለ ጠይቁና ጻፉ። እሑድ ኅዳር 28 ከአምልኮ በኋላ ዝርዝሩን ይዛችሁ እዚሁ እንገናኝ፤ እንጀራው የሚታዘዘው በዚያን ቀን ቁጥር ነው።